በተለጣፊ የተሸፈነው መብራት

ይህን ታሪክ የምጽፈው የታሪኩ ባለቤት ወይዘሮ አባይነሽ ራሷ «ይጻፉት፤ እንደኔ የምትደብቅ ሴት ብዙ ናት» ስላለችኝ ነው። ለኔ ቢተው ኖሮ ሆድ ይፍጀው ብዬ አልፈው ነበር፤ ምክንያቱም በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አብልጦ ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ።

ስሜ ልደቱ ይባላል። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ የካ ሚካኤል አካባቢ የምኖር ሰው ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በታክሲ እንጦጦ እወጣና ቁልቁለቱን በእግሬ እመለሳለሁ። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዴ ስወርድ፣ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ነጭ አሮጌ መኪና አፍንጫዋን ከባሕር ዛፎቹ ሥር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር አስደግፋ ቆማ አየሁ። ከጎማዋ ፊት ትልቅ ድንጋይ ተወሽቋል። መኪናዋን በሩቁ ዐወቅኋት፤ የሟቹ የአቶ ጉደታ መኪና ናት።

መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ የተቀመጠችው ባለቤቱ አባይነሽ ነበረች። ሞተሩ ጠፍቷል፣ መኪናዋ ቆማለች፣ እሷ ግን መሪውን አልለቀቀችም። መስኮቱ አጠገብ የጎረቤታችን የአቶ ሸሪፍ ልጅ ዩምና ቆማ ቀስ ብላ ታናግራታለች። ዩምና የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ጉርድ ሾላ አንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ከእንጦጦ ሩጫዋን ጨርሳ በራሷ ትንሽ መኪና ስትወርድ ከኋላ ደርሳ ነው ድንጋዩን ያስገባችው።

«ጋሽ ልደቱ፣ ተመስገን፣ ወንድ መጣልን» አለች አባይነሽ ስታየኝ፣ ዓይኖቿ እንባ እያቀረሩ።

እስቲ ፍረዱ። እኔ ስለ መኪና የማውቀው የሚቀመጡበትን ቦታ ብቻ ነው። ነገር ግን የሰፈራችንን ልማድ ለማያውቅ ሰው ጉዳዩን ማስረዳት አለብኝ። አቶ ጉደታ በሕይወት ሳለ ለሚስቱ ሁለት ነገር ያደርግላት ነበር። መኪናዋን ጋራዥ ይወስዳል፣ እሷን ደግሞ ሐኪም ቤት ይወስዳል። መካኒኩም ፊት ሐኪሙም ፊት የሚናገረው እሱ ነው። «ራሷን ያማታል፣ እንቅልፍ የላትም» ይላል፤ እሷ አጠገቡ ትቀመጣለች። ከሦስት ዓመት በፊት ሲያርፍ መኪናዋ ለእሷ ቀረች፤ የሚናገርላት ሰው ግን አልቀረላትም። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሴት ብቻዋን ጋራዥ ከሄደች ትሸወዳለች ይባላል። ስለዚህ መኪናዋ በታመመች ቁጥር አባይነሽ እኔን ትጠራኛለች። እኔም ኮቴን ለብሼ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መካኒኩ አጠገብ እቆማለሁ። መካኒኩ እሷን አልፎ ለኔ ያስረዳል፤ እኔ ምንም ሳይገባኝ እንደ አዎ ራሴን እነቀንቃለሁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለው ተረት ጎረቤትንም ሳይጨምር አይቀርም።

«ምን ሆንሽ?» አልኋት።

«ፍሬኑን ስረግጠው ጭቃ እንደ መርገጥ ሆነብኝ። ሁለተኛ ረገጥሁ፣ ሦስተኛው ላይ ጭራሽ የለም። የእጅ ፍሬኑን ስቤ ወደ ግድግዳው ሰጠኋት።»

ከመንገዱ ማዶ ግድግዳ የለም፤ ገደል ነው። ያን ሳይ የመኪናዋን ጣሪያ ያዝሁ።

«እትዬ አባይነሽ፣ ክሩስኮቱ ላይ ቀይ መብራት አልበራም ነበር?» ስትል ዩምና ጠየቀች።

አባይነሽ ወደ እኔ አየች። ከመሪው ጀርባ ክሩስኮቱ ላይ፣ የፍጥነቱ መቁጠሪያ አጠገብ፣ «ጌታ ይጠብቀኛል» የሚል ትንሽ ተለጣፊ ነበር። ዩምና «ይፈቅዱልኛል?» ብላ በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ላጠችውና ቁልፉን አዞረች። ከሥሩ ቀዩ መብራት ቦግ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከነሐሴ። ጋራዥ ሄደን ነበር እኮ። ‹መብራቱ ራሱ ነው የተበላሸው፣ ፍሬኑ ደህና ነው› አሉን። ጋሽ ልደቱም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ስነዳ ዓይኔ እሱ ላይ እየሄደ ልቤን ሲያርደኝ ጊዜ ለጠፍሁበት። ጥቅሱን እያየሁ ልንዳ ብዬ ነው።»

አዎ፣ እኔም ነበርሁ። መካኒኩ «ፋዘር፣ መብራቱ ነው፣ ገባዎት?» ሲለኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ያ ራስ መነቅነቅ ነው እንግዲህ ከእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ያደረሳት።

ዩምና ጉርድ ሾላ ለሚሠራ ጌድዮን ለሚባል መካኒክ ደወለች። አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል አለ። አባይነሽን ከመኪናዋ አውርደን መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ሲመጣ የሆነውን ራስዎ ይንገሩት» አለች ዩምና።

«እኔ? ጋሽ ልደቱ እያሉ? ልጄ፣ መካኒክ ወንድ ካየ ይጠነቀቃል። ሴት ካየ ያልተበላሸውን ተበላሸ ይላል። የደረሰብኝን ነው የምነግርሽ።»

«ልክ ነዎት፣ በእኔም ደርሷል። መጀመሪያ ቀን ጋራዥ የገባሁት ወንድሜን ዑበይድን ይዤ ነበር። እሱ ስልኩን እየነካካ ‹እሺ፣ እሺ› ብሎ ተመለስን። በሳምንቱ መኪናዋ ቀለበት መንገድ መሀል ቆመችብኝ። የምነዳት እኔ፣ ድምፅዋን የምሰማው እኔ፤ የሚናገረው ግን ሌላ ሰው ነው። ያልሰማውን እንዴት ይናገር?»

«እኔስ ምን ብዬ ልናገር? የዕቃውን ስም አላውቅ።»

«ስም ለምን ያስፈልግዎታል? ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው ‹እዚህ ጋ ያመኛል፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ፣ ይህን ሳደርግ ይብሳል› ነው የሚለው። ለመኪናም ያው ነው። ስሙን መካኒኩ ይወቀው፣ እንጀራው ነው። ለመሆኑ ፍሬን ሲይዙ ይንጫጫ ነበር?»

«ይንጫጫ ነበር። በቀኝ ጎማ በኩል፣ ከፊት። ቁልቁለት ላይ ይብስ ነበር። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ጠዋት ጠዋት መኪናዋ የምታድርበት ቦታ ጎማው ሥር እርጥብ ነገር አያለሁ።»

በመገረም አየኋት። ሁሉን ታውቃለች። ጋራዥ በሄድንባቸው ቀናት ሁሉ የሚጠየቀው መሪ ጨብጦ የማያውቀው እኔ ስሆን፣ የምታውቀው ሴትዮ አጠገቤ ቦርሳዋን ታቅፋ ትቆም ነበር።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲሉን ነው ያደግነው» አለች አባይነሽ እንደ ማፈር ብላ።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራልም ይባላል፣ እትዬ።» ዩምና ከቦርሳዋ ትንሽ ደብተር አወጣች። «እኔ ከፊት በኩል የመኪናዋን እጽፋለሁ፤ ምን ሰማሁ፣ መቼ፣ በየት በኩል። ከኋላ በኩል ደግሞ የራሴን። ግፊቴን መቼ ተለካሁ፣ ሐኪሟ ምን አለችኝ፣ ቀጥሎ መቼ ልመለስ። ደብተሩን ሳይ አፌ አይተሳሰርም። ባለፈው ጋራዥ ምን እንደ ተቀየረ የሚል ወረቀት ይኖርዎታል? ጌድዮን ይጠይቃል።»

«ከፊት ያለው ኪስ ውስጥ ፈልጊ» አለች አባይነሽ ሳታስበው።

ዩምና ሄዳ ከመኪናዋ ኪስ ወረቀቶች አወጣች። አንዱን ገለጠችና ቆመች። ከዚያ መልሳ አጥፋ መጣችና አባይነሽ እጅ ላይ አኖረችው። አባይነሽ ወረቀቱን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«አነበብሽው?»

«የጋራዥ መስሎኝ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጤና ጣቢያ መሆኑንና ቀኑን ብቻ አየሁ። በአንድ ወር ውስጥ ይመለሱ ይላል። አምስት ወር ሆኖታል።»

ነገሩ የግል ጉዳይ እንደ ሆነ ገባኝና ተነሣሁ። አባይነሽ ግን የኮቴን ጫፍ ይዛ አስቀመጠችኝ።

«አይሂዱ። ለመኪናው ቆመውልኝ የለ? ይሄንንም ይስሙ፤ ብቻዬን መያዝ ደክሞኛል።»

ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነገረችን። በግንቦት ወር የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ተሰባስበው ለማኅፀን ጫፍ ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር። ብቀር ምን ይሉኛል ብላ አብራ ሄደች። ሌሎቹን ደህና ናችሁ ብለው ሲያሰናብቱ ለእሷ ይህን ወረቀት ሰጧት።

«ነርሷ ብዙ ነገር አስረዳችኝ። የበሽታውን ስም ከጠራች በኋላ አንድም ቃል አልሰማሁም። ጉደታ ቢኖር እሱ ይሰማልኝ ነበር። ቤት እንዳላስቀምጠው ልጄ ጊፍቲ ለክረምት ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ነበር፤ ካገኘችው ትምህርቷን ትታ ትቀመጣለች ብዬ መኪና ውስጥ ደበቅሁት። ጋራዥ ስሄድ ጋሽ ልደቱን እይዛለሁ፤ ለዚህስ ማንን ልያዝ? ዛሬም እዚህ የወጣሁት ስለዚሁ ወረቀት ልጸልይ ነው።»

ከላይ እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ጎንበስ ብለው ሰላምታ እየሰጡን አለፉ። አባይነሽ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አባት የሞተባት አንዲት ልጅ አለቻት። አምስት ወር ያለፈው ያ ወረቀት ዘግይቶ ይሆን አይሆን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። እኔም የሚያስፈራኝ ይኸው ነበር።

«ሳይታመሙ ሐኪም ቤት መመላለስ በሽታ መጥራት ነው» ስትል አባይነሽ ቀጠለች። «እኔን ደግሞ ምንም አያመኝም። ከጸለይሁ በኋላ ተመልሼ ብመረመር እግዚአብሔርን አላመንሁትም ማለት አይሆንም ወይ?»

«በሃይማኖትዎ ነገር እኔ ላስተምርዎ አልችልም። በእኛ ዘንድ ግን ግመልህን እሰርና በአላህ ተመካ ይባላል። ዛሬ መኪናዋን አቁመው ሊጸልዩ ሲሄዱ የእጅ ፍሬኑን ስበው ነበር?»

«ስቤ ነዋ፣ ዳገት ላይ።»

«ታዲያ ያ እምነት ማጣት ነበር?»

የአባይነሽ ከንፈር ፈገግ ሊል ሲል ተመልሶ ገጠመ። «አንቺ ልጅ ነሽ። ጵርስቅላን አታውቂያትም፤ አብራን ትዘምር ነበር። ስትስቅ ስትጫወት የነበረች ሴት ሐኪም ቤት ሄደች፣ ስሙን ነገሯት፣ በአራት ወሯ ቀበርናት። የገደላት ስሙን መስማቷ ነው።»

«እሳቸውስ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ምንም አያማቸውም ነበር?» አለች ዩምና።

አባይነሽ ወረቀቱን በጣቶቿ ስታጥፍ ስትዘረጋ ቆየች። «ዓመት ሙሉ ደም ይፈስሳት ነበር» አለች በመጨረሻ። «ለማንም ሳትናገር።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው አባባል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን የአባይነሽን ፊት አይቼ ዋጥሁት። አንዳንድ ጊዜ ሰው የራሱን መልስ ራሱ ሲሰማ መምህር ዝም ማለት አለበት።

«እንግዲህ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሟ ያስረዳችኝን ልንገርዎ» አለች ዩምና። «ቅድመ ምርመራ የሚደረገው ላልታመመ ሰው ነው። ይህ ነገር በሽታ እስኪሆን ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጅበታል፤ በእነዚያ ዓመታት አያምም። ያኔ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ እዚያው ታክሞ ይቀራል። ወረቀቱ ካንሰር አለብዎ አይልም፤ ተመልሰው ይታዩ ነው የሚለው። ቀይ መብራት ማለት ነው። እርስዎ ግን አላጠፉትም፤ ሸፈኑት።»

«እፈራለሁ፣ ልጄ።»

«አይፍሩ አልልዎትም። እኔ ለተራ የጤና ምርመራ ስሄድ ሁለት ጊዜ ከበር ተመልሻለሁ። በሦስተኛው እናቴ ዘሙሩድ ይዛኝ ገባች።»

«ወንድ ቢሆንስ የሚያየኝ?»

«ሴት ባለሙያ እንድታየኝ እፈልጋለሁ ይበሉ። ከሌለች የምትገኝበትን ቀን ይጠይቁ። ሊጀምሩ ሲሉ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካመመዎት አቁሙ ይበሉ። ያልገባዎትን ድገሙልኝ ማለት ነውር አይደለም። እኔም ከበር እስከ በር አብሬዎት እሆናለሁ፤ የሚናገሩት ግን እርስዎ ነዎት።»

አባይነሽ ወረቀቱን ወደ መኪናዋ ኪስ አልመለሰችውም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ጌድዮን በሞተር ብስክሌት ደረሰ። የዘይት ጓንቱን እያጠለቀ በቀጥታ ወደ እኔ መጣና «እሺ ፋዘር፣ ምን ሆነች?» አለኝ። ራሴ ሊነቃነቅ ሲል ያዝሁት።

«መኪናዋ የእሷ ናት» አልሁት። «እሷን ጠይቃት።»

አባይነሽ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ከዚያ ስለ መንጫጫቱ፣ ስለ ቀኙ ጎማ፣ ስለ እርጥቡ ነገር፣ ስለ ቀዩ መብራት አንድ በአንድ ነገረችው። ጌድዮን መስማት ሲጀምር ጓንቱን ማጥለቅ አቁሞ ነበር። ተንበርክኮ ከቀኙ ጎማ በስተጀርባ በባትሪ አየ።

«የፍሬን ዘይቱ ጨርሶ ፈሷል፣ እማማ። እርጥብ ያሉት እሱ ነው። የሚንጫጫው ደግሞ ጎማውን የሚይዘው የፍሬን ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ ነው። መብራቱ ደህና ነው፤ እውነቱን ነው የተናገረው።»

«አሮጌውን ዕቃ ስታወጣ ላየው እፈልጋለሁ» አለች አባይነሽ። «የምትለውጠውንም ከመለወጥህ በፊት ንገረኝ።»

«መብትዎ ነው» አለ ጌድዮን። እንዲህ በቀላሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ኮት ለብሼ ያላገኘሁላትን መልስ በሁለት ዓረፍተ ነገር አገኘችው።

ሰኞ ጠዋት ሦስታችን ጤና ጣቢያ ሄድን። እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን በጣም የፈራሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። አባይነሽ በአዲስ ደብተር ላይ ጥያቄዎቿን ጽፋ መጣች። ጽሕፈቷ የተማሪ ይመስላል፤ አንዱን መስመር ሰርዛ እንደ ገና ጽፋዋለች።

ካርድ ክፍል መስኮቱ ጋ ስንደርስ ጸሐፊው አንገቱን ቀና አድርጎ ከእሷ ትከሻ በላይ እኔን አየ። «ምን ሆነው ነው፣ አባት?» አለኝ። ከኋላችን ሰልፍ ነበር። እኔ ከንፈሬን ገጠምሁ። አባይነሽ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ኋላዋ ወደ ሰልፉ አየች።

«የምታከመው እኔ ነኝ» አለች። «በግንቦት የማኅፀን ጫፍ ምርመራ አድርጌ ተመለሺ ተብዬ ነበር፤ ፈርቼ ቀረሁ። ዛሬ መጥቻለሁ። ሴት ባለሙያ ብታየኝ እወዳለሁ።»

ጸሐፊው ካርዷን ጻፈና ክፍሉን ነገራት። ሰልፉ ውስጥ ማንም አልሳቀም። ሦስት ሰው ያህል ወደ ኋላ ቆማ የነበረች አንዲት ሴት ግን ወደ ዩምና ጠጋ ብላ «ያ ምርመራ የትኛው ክፍል ነው?» ብላ በሹክሹክታ ስትጠይቅ ሰምቻለሁ።

እኔ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ። በሩ በተከፈተ ቁጥር እነሣለሁ፣ ሌላ ሰው ይወጣል፣ እቀመጣለሁ። ነገ ጊፍቲ ደውላ እናቴ እንዴት ናት ብትለኝ ምን እላለሁ እያልሁ ስጨነቅ ፀሐይዋ ከጫማዬ እስከ ጉልበቴ ወጣች። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና አባይነሽ ደብተሯን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዩምናን አስከትላ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

አጠገቤ ተቀመጠችና ደብተሩን ገልጣ ራሷ የጻፈችውን አነበበችልኝ። «ካንሰር አይደለም። ቢተው ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ለውጥ ነው። እዚያው አከሙኝ። ትንሽ ቁርጠት ተሰማኝ፣ ከዚያ አለቀ። ለጥቂት ሳምንታት የምጠነቀቀውን ነግረውኛል፤ በዓመቱ ተመለሺ ብለውኛል።» ገጹን በመዳፏ ዳበሰች። «ሁለት ጊዜ ድገሙልኝ አልኋቸው፤ ሁለቴ ደገሙልኝ። ሁሉንም ሰማሁ፣ ጋሽ ልደቱ። እኔው ሰማሁ።» ከዚያ ፊቷን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች፤ ዩምናም አቀፈቻት።

አንባቢዬ፣ ጥቅሙን ለመዘርዘር ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ጊፍቲ እናት አላት። መኪናዋ ቁልቁለት ላይ ትቆማለች። ተለጣፊው አሁን ከኋላ መስታወት ላይ ነው፤ ከኋላ ለሚመጣ ሰው ይነበባል፣ የሚሸፍነው መብራት የለም። ከዚያ ሳምንት ወዲህ በግንቦት ካልሄዱት የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች አራቱ ከአባይነሽ ጋር ጤና ጣቢያ ደርሰው መጥተዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ሴት ልጅ ሰውነቷንም መኪናዋንም ከማንም በላይ ታውቃለች፤ የጎደላት የሚናገርላት ወንድ ሳይሆን የሚጠይቃትና የሚሰማት ሰው ነው። ባሎችም፣ ወንድሞችም፣ ጎረቤቶችም አብረን ብንሄድ ጥሩ ነው፤ ግን አፋችንን ይዘን።

ይህን ሁሉ ምክር ለሰው ልሰጥ በልቤ እያዘጋጀሁ በዚያ ሰኞ ከጤና ጣቢያው ልንወጣ ስንል፣ በሩ አጠገብ ግፊት የምትለካ አንዲት ነርስ ተቀምጣ ነበር።

«አባት፣ እርስዎስ? ዘንድሮ ግፊትዎን ተለክተዋል?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

አባይነሽ ቆመች። እንባዋ ገና አልደረቀም ነበር። «ጋሽ ልደቱ» አለችኝ፣ «ራስዎን አይነቅንቁ። ይናገሩ።»

«ተለክቼ አላውቅም» አልሁና እጅጌዬን ጠቀለልሁ።